መኪናቸውን በአፋቸው ይዘው የሚዞሩት አምባሳደር

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ባለመኪና አለ። አንደኛው መኪናው ሲበላሽ ጋራዥ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ የሚኖርና ሸሚዝ ለመቀየር ብቻ ወደ ቤቱ ብቅ የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሁልጊዜ ያረጀ የቅንጦት መኪና ባለቤት ነው። ካላመናችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ጋራዥ ጎራ በሉ። በሩ አጠገብ፣ ከሆነ መኪና የተነቀለ ወንበር ላይ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ክራቫት ያሰረ ሰው ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፤ መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት። ፊቱን ስታዩት ግን ያዘነ አይመስልም፤ ልጁ ፈተና ላይ አንደኛ የወጣችለት አባት ነው የሚመስለው።

የጋራዡ ደንበኞች "ክቡር አምባሳደር" የሚሏቸው ሰውዬ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። በዕድሜያቸው ኤምባሲ ደጃፍ ቆመው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ይህን መስመር ከዚያ መስመር እያገናኙ፣ "ሃሎ፣ ይሰማል?" ሲሉ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። አምባሳደር ያሰኘቻቸው መኪናቸው ናት። ጥቁር ሰማያዊ፣ ረዥም፣ የኋላ ወንበሯ ላይ አንድ ቤተሰብ ተከራይቶ ሊኖርባት የሚችል፣ በደኅና ጊዜዋ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ይንሸራሸርባት የነበረች እመቤት። ክቡርነታቸው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር በጨረታ ገዟት። በስንት? በአንዲት ሚጢጢ መኪና ዋጋ። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ "በነጻ ነው ያገኟት" ብሎ መርቋቸው ነበር።

የዓለም አሮጌ ቅንጦት መኪና ገዢ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋጋዋ የወረደው መኪናዋ ናት። የዕቃዋ ዋጋ በአዲስነቷ ዘመን የተሰቀለበት ላይ እንደተሰቀለ ነው። "ያረጀችው እሷ እንጂ መለዋወጫዋ አይደለም" ይላል የጋራዡ ባለቤትና ብቸኛ መካኒክ። አንዲት የፊት መብራቷ ውሃ ገብቷት ስትጠፋ ለመተኪያዋ የተጠየቀው ዋጋ፣ ጎረቤታቸው መኪናውን ሙሉ ለሙሉ ቀለም ካስቀባበት ይበልጥ ነበር። ክቡርነታቸው ዋጋውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና "ተገቢ ነው" አሉ። 

ደግሞ አበላሸቷ! ተራ መኪና ሲበላሽ ይቆማል፣ አለቀ። እሷ ግን በወግ በማዕረግ ነው የምትበላሸው። ሾኮቿ በሞላ ሳይሆን በነፋስ የሚነሱ ናቸውና፣ ማታ ቀጥ ብላ ቆማ ያመሸች መኪና ጠዋት ሆዷን መሬት አስነክታ ተኝታ ትገኛለች። ነፋሱ ሌሊቱን ሾልኮ ወጥቷል። ክቡርነታቸው ሞተሯን ያስነሱና፣ ትንሿ መጭመቂያ እያቃሰተች ነፋስ እስክትሞላላት ድረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቧ ይቆማሉ። "አትቸኩሉባት" ይላሉ ለሚያልፍ ሰው፤ "እኔም ጠዋት ስነሳ እንዲሁ ነኝ።" ከዳሽቦርዷ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት ስድስት ዓመት ሙሉ ሳታሰልስ በርታ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠፋች። ክቡርነታቸው በድንጋጤ ላብ አጥምቋቸው መኪናዋን እየበረሩ ጋራዥ አደረሷት። መካኒኩ ቢፈታው የተቃጠለው አምፖሉ ሆኖ ተገኘ። አምፖሉ ተቀይሮ መብራቷ እንደገና ስትበራ ነው እፎይ ያሉት።

ይህ ሁሉ ግን ተራ ነገር ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው የትም አይጠፋም። መካኒኩን እጁን በአፉ የሚያስጭነው ሌላ ነው።

ሌላው ባለመኪና ጋራዥ ሲመጣ "አንድ ነገር ይጮሃል" ይላል። ምንድን ነው የሚጮኸው ሲሉት "እንጃ፣ እዚህ አካባቢ" ብሎ በእጁ አየሩን ያማስላል። ክቡርነታቸው እንዲህ ብለው አያውቁም። እመቤቲቱ ቤት ቆማ እሳቸው በእግራቸው ይመጡና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ መኪናዋን በአፋቸው ያሰሟታል። "ሲጥጥጥ፣ ጥ፣ ጥ" ካሉ ቺንጋዋ ላልቷል። "ቋ፣ ቋቋ" ካሉ የፊት ቡሽ ነው፤ ምላሳቸውን ወደ ግራ ጉንጫቸው ካደረጉ የግራው፣ ወደ ቀኝ ካደረጉ የቀኙ። ከደረታቸው "ውውውም" የሚል ከወጣ የኋላ ኩሽኔታ ነው፤ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምርና በስንት እንደሚተው ሳይቀር ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያሳያሉ። አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር የሚመጣውን መንቀጥቀጥ እንኳ በትከሻቸው ያወጡታል። መካኒኩ ሠላሳ ዓመት በሙያው ላይ ሲኖር ብዙ ጉድ አይቷል፤ ሞተር የሚውጥ ሰው ግን አላየም።

ኮምፒውተር አለው፣ የለውም አይባልም። ከመኪናዋ ጋር በሽቦ ሲያገናኘው የመብራቱንና የሴንሰሩን ጣጣ በቁጥር ይዘረዝርለታል። ለቋቋታ ግን ኮድ የለውም። ኮምፒውተሩ "ምንም ችግር የለም" ባለበት ቀን ክቡርነታቸው ፈገግ ብለው "ቋ" ካሉ፣ መካኒኩ ኮምፒውተሩን ነቅሎ ወደ ቡሹ ነው የሚሄደው። እስከ ዛሬ ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ጊዜ ክቡርነታቸው የሐሞት ጠጠር ሊያስወጡ ሆስፒታል ገቡ። መካኒኩ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ። ገና ከሰመመን መንቃታቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ግማሽ ነው። እንዴት አደሩ ቢላቸው፣ እጁን ሳብ አድርገው ወደ ፊታቸው አስጠጉትና "ክርርርር፣ ህፍ። ክርርርር፣ ህፍ" አሉት። ነርሷ ከመጋረጃው ማዶ ሰምታ ሰውዬው ያበቃላቸው መስሏት እየሮጠች መጣች። መካኒኩ ግን ብርቱካኑን አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደና የኋላ ግራውን የፍሬን ሸራ ቀየረ። አልቆ ብረቱን ሊበላ ተቃርቦ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን መካኒኩ ለማንም አልነገረም።

መስማት እያቃተው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቱን የሚንጫጫ ሞተር ውስጥ ሲከት የኖረ ሰው ነውና፣ ግራ ጆሮው ከአምስት ዓመት በፊት ቀድሞ ሄደ። ቀኙም ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ አንድ በአንድ እየተወ ተከተለው። መጀመሪያ የስልኩ ጥሪ ጠፋ፣ ቀጥሎ የበሩ ደወል፣ ቀጥሎ የቺንጋ ሲጥታ። የከፋው ግን ይህ ሰው ስሙ የተተከለው በጆሮው መሆኑ ነው። ድሮ የረዥም ካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ሲጨፍን ደንበኛው ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚጠብቀው። ዛሬም ካቻቪቴውን ይደግናል፣ ዓይኑንም ይጨፍናል፤ የሚሰማው ግን ከሩቅ የሚያልፍ ባቡር ዓይነት ነገር ብቻ ነው። ይህ ከታወቀ ነገ ጠዋት በሩ ላይ መኪና አይቆምም። ሌላ ሙያ የለውም፤ ሌላ ሙያ የሚማርበት ዕድሜም የለውም።

ታዲያ በምን ይሠራል? በክቡርነታቸው አፍ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ባለታክሲ በመጣ ቀን ነው። ባለታክሲው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብዙ አወራ፤ ከሞተሩ ጩኸት ጋር ተደባልቆ መካኒኩ ዘንድ የደረሰው የከንፈሩ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" አለው ገና ሳይጨርስ። ከዚያ ታክሲውን ይዞ አንድ ዙር ዞረ፤ ዝምታ። ሁለተኛ ዞረ፤ ዝምታ። ላቡ በጀርባው ወረደ። ክቡርነታቸው "እግሬን ላፍታታ" ብለው ከኋላ ገብተው ነበር። ሲመለሱ ወረዱና መካኒኩን ክንዱን ይዘው ከጋራዡ ጩኸታም የነፋስ መጭመቂያ ራቅ አደረጉት፤ በቀኙ በኩል ዞረው ፊት ለፊቱ ቆሙና፣ ትከሻውን በጣታቸው እየመቱ "ቋ፤ ቋቋ። ቋ፤ ቋቋ" አሉት፤ ምላሳቸው ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ ነበር። ሲጨርሱ እንደ ማዞሪያ ክፍሉ ዘመን "ይሰማል?" አሉ። "እሺ" አለ መካኒኩና የፊት ቀኝ ቡሹን ፈታ። ቡሹ እንደ ደረቀ ዳቦ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ባለታክሲው "የዚህን ሰውዬ ጆሮ እግዚአብሔር ይጠብቀው" እያለ በየተሰለፈበት አወራለት።

ከዚያ ወዲያ ክቡርነታቸው በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። እመቤቲቱ ስትታመም ይመጣሉ፤ ደህና ስትሆን ደህና መሆኗን ሊናገሩ ይመጣሉ። በሩ አጠገብ ባለችው የተነቀለች ወንበር ላይ ይቀመጡና የገባውን መኪና ሁሉ ያዳምጣሉ። ያዳመጡትን ደግሞ አምቀው አይዙም፤ ተነስተው፣ መካኒኩን ወደ ጥግ ወስደው፣ ትከሻውን እየመቱ በአፋቸው ያሰሙታል። አንዳንድ ደንበኛ "ሰውዬው አያርፉም እንዴ?" ብሎ ያጉረመርማል። መካኒኩ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸውን ትንሽ ጉራ የሚወዱ፣ ተመልካች ያጡ ሽማግሌ አድርጎ ነበር የሚያያቸው። የሚያደርጉት ነገር ግን እያደር የሚያስደንቀው፣ አንዳንዴም የሚያስፈራው ሆነ። ሌላ ሰው በመሣሪያ የማይደርስበትን እሳቸው በምራቅና በትንፋሽ ይደርሱበታል። እሱ ደግሞ ሳያውቁት ጆሯቸውን እየተዋሰ ይሠራበታል። ይሄ ነገር አልፎ አልፎ ከዓይነ ስውር ሰው ኪስ ውስጥ እጁን የከተተ ያህል ይሰማው ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የእመቤቲቱ ካምቢዮ ሄደ። አውቶማቲክ ነው፤ ማርሽ ሲቀይር መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ወገብ ላይ እንደተመታ ሰው ጓ ብሎ ይይዛል። ክቡርነታቸው ይህንንም በአፋቸው አመጡት። "እእእእም" ብለው በረዥሙ ወጡ፤ ጫፉ ላይ ደረሱ፤ ለቅጽበት ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ከዚያ "ጓ" ብለው በጉልበታቸው ሰበር አሉ። መካኒኩ እጁ ላይ የነበረውን ጨርቅ ጣለ። የካምቢዮ ዘይት መሟጠጡን፣ የውስጥ ሰሌዳዎቹ መበላታቸውን፣ ሁሉንም በዚያች ጉልበት ውስጥ አየው። ቤታቸው ሄዶ ሲፈታው ያው ሆኖ አገኘውና መልሶ ገጠመው። አዲሱ ካምቢዮ መኪናዋን ራሷን ከነጎማዋ ይገዛል። አሮጌው ቢታደስም ከዓመት አያልፍም፤ ማሳደሻውም ቢሆን የሌላ ሰው ሙሉ መኪና ዋጋ ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የክቡርነታቸው ባለቤት ጋራዥ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ በቤታቸው ይሰፋሉ። እንደ ባላቸው መቀመጫ አልፈለጉም፤ ቆመው ነው የተናገሩት። የመስፊያ ክፍላቸው ጣሪያ ያፈስሳል። ባለፈው ዝናብ ሃያ ሁለት ደንብ ልብስ ከነቁልፉ በስብሶ ተጥሏል፤ ትምህርት ቤቱ ዳግመኛ እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። መኪናዋን ለመለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል፤ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ሌላ እገዛለሁ ብሏል። የሚሰጠው ገንዘብ ጣሪያውን ከነአሸንዳው ያስመታል።

"ወንድሜ፣ ዋሽልኝ አላልኩህም" አሉት። "ያየኸውን ንገረው ነው ያልኩህ። እኔ ስናገር ቅናት ይመስለዋል። ካንተ አፍ ከወጣ ግን ያምናል።"

"እሺ እትዬ፣ እሺ፣ እሺ" አለ መካኒኩ። እሳቸውም ትንሽ ቆም ብለው አዩት፤ ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካክለው ሄዱ። በዚህ ጊዜ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል።

እንግዲህ ጋራዥ ውስጥ "እናያለን" የምትባል ቃል አለች። እናያለን ማለት መኪናዋ ሌላ ሦስት ወር እዚሁ ትኖራለች ማለት ነው። ማንም አይዋሽባትም፣ ማንም እውነት አይናገርባትም። ከሰዓት በኋላ ክቡርነታቸው መጥተው "እህስ ወንድም ዓለም፣ እመቤቲቱ እንዴት ናት?" ሲሉት መካኒኩ የእትዬን ሃያ ሁለት ልብሶች አሰበ። ቀጥሎ ደግሞ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር አየ። መኪናዋ ከሄደች አምባሳደሩ ምን ቆርጧቸው ጋራዥ ይመጣሉ? መኪና የሌለው ሰው መካኒክ ቤት ምን ይሠራል? እሳቸው ከቀሩ ደግሞ በሳምንቱ አንዱ ባለታክሲ ተናዶ ይመለሳል፣ በወሩ ሦስት ይሆናሉ፣ ከዚያ በሩ መዘጋቱ ነው።

"እናያለን" አላቸው።

ክቡርነታቸው ፊታቸው በራ። 

ዓርብ ጠዋት መኪናዋን ከቤታቸው ሊያመጣ ሄደ። በራሷ ጉልበት የምትሄደው ከእንግዲህ ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ቀስ አድርጎ ሊነዳት ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማካፋቱ ነው። የመስፊያ ክፍሉ በር ክፍት ነበርና ዓይኑ ገባ። እትዬ ሦስት ባልዲ መካከል ተቀምጠው በእጃቸው ቁልፍ ይተክላሉ። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ በላስቲክ የተያዘ ሸራ ተደፍቶባታል። መካኒኩ ሸራውን ያውቀዋል። የእመቤቲቱ መሸፈኛ ነው፤ ክቡርነታቸው ከውጭ አገር በሰው አስመጥተው፣ አቧራ እንዳይነካት በየማታው በእጃቸው የሚያለብሷት። እመቤቲቱ ውጭ ዝናብ ስትደበደብ አድራ፣ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ተኝታለች። እትዬ ቀና ሳይሉ ክቡርነታቸው ሸራውን ከመኪናዋ የወሰዱት ትናንት ማታ መሆኑን ነገሩት፤ "ሳልጠይቀው። ዝም ብሎ አምጥቶ አለበሳት።"

መካኒኩ ይህን ሰው ነው በ"እናያለን" የያዛቸው።

ክቡርነታቸው በክራቫታቸው ሆነው ወጡ፤ መካኒኩ መሪው ጋ፣ እሳቸው በቀኙ፣ ሁለቱም እመቤቲቱ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። የዚህች መኪና ትልቁ ቅንጦት ዝምታዋ ነው። መስታወቷ ድርብ፣ በሯ ወፍራም፣ በውስጧ የውጭው ዓለም የለም። መካኒኩ በልቡ የሚወዳትም ለዚህ ነበር፤ እሷ ውስጥ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ነው፣ ማንም ምንም አይሰማም። ነፋሷን እስክትሞላ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ቀስ ብላ ተነሳች።

"ክቡር አምባሳደር" አለ መካኒኩ። "ካምቢዮዋ አልቋል። ማሳደስም አያዋጣም፤ ይሽጧት።"

ሰውዬው ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ትናንትና ግን እናያለን ነው ያልከኝ" አሉት።

"ትናንትና ለራሴ ብዬ ነው።" እጁን ከመሪው አወረደ። "እኔ አልሰማም። ግራው ድሮ ሄዷል፣ ቀኙም ሊሄድ ነው። እርስዎ በአፍዎ የሚያሰሙኝን ነው የምሠራው። መኪናዋ ከሄደች እርስዎም አይመጡም ብዬ ፈራሁ። ሳላስፈቅድዎ በጆሮዎ እንጀራ ስበላ ነው የኖርኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ክቡርነታቸው እጃቸውን ዘርግተው ሞተሯን አጠፉ። ወደ እሱ ዞሩ፤ በቀኙ በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት።

"አውቃለሁ" አሉት።

"ምኑን?"

"አራት ዓመት ሆነኝ እኮ። ያ ባለታክሲ ከመጣ ቀን ጀምሮ።" ፈገግ አሉ። "ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወንድም ዓለም። ያልሰማ ሰው እሺ የሚለው ቶሎ ነው። የሰማ ሰው ትንሽ ያስባል።"

መካኒኩ ያለፈውን አንድ በአንድ አሰበ። ከነፋስ መጭመቂያው ራቅ ማድረጋቸው። በቀኝ መዞራቸው። ድምፁ ባይደርሰው ምቱ ይድረሰው ብለው ትከሻውን በጣታቸው መምታታቸው። "ይሰማል?" ማለታቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ደብቄዋለሁ ያለው ምስጢር ይኸው አራት ዓመት ሙሉ በሩ አጠገብ ክራቫት አስሮ ተቀምጦ ኖሯል። ጉራ ነው ብሎ ያለፈው ሁሉ ሥራ ነበር። ለደመወዝ ያልሆነ፣ ማንም ያልጠየቃቸው፣ አንድም ቀን ያላስታወቁት ሥራ። እንዲህ ያለ ሰው አለ እንዴ? መካኒኩ እንባው መጣ፤ ከክቡርነታቸው በቀር ያየው የለም።

"እትዬስ?" አለ ሲረጋጋ።

"እሷ ያወቀችው ከኔ በፊት ነው" አሉ ክቡርነታቸው። እትዬ የጣሪያውን ጉዳይ ነግረውት ሲመለሱም፣ ሦስት ጊዜ እሺ አለኝ፣ አልሰማኝም መሰለኝ ብለው ተጨንቀው ነበር። "መሸጧ አይቀርም፤ እኔም እኮ ትናንት ሸራዋን ስገፍፋት አውቄዋለሁ። ካንተ እስክሰማው ነበር የጠበቅሁት።"

ቅዳሜ ገዢው በመጫኛ መኪና መጥቶ እመቤቲቱን ወሰዳት። ክቡርነታቸው መንገዱ ዳር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እጥፋቱ ጋ ስትደርስ፣ ከደረታቸው ዝቅ ባለ ድምፅ የእመቤቲቱን ሞተር አስነሱ፤ አዲስ እያለች ያለውን፣ ምንም ሳይንቋቋ። እትዬ ክንዳቸውን ያዟቸው። መካኒኩ ይህን ያየው ከማዶ ሆኖ ነው፤ ድምፁ አልደረሰውም፣ ግን ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አውቆታል።

እሑድን ሲያስብበት ዋለ። ሰኞ ጠዋት ጋራዡን ከፈተ፤ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ሊያነሳት ፈለገና እጁ እምቢ አለው። አቧራዋን ብቻ ጠረገላት።

ሦስት ሰዓት ገደማ ክቡር አምባሳደር በእግራቸው መጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ክራቫታቸው ታስሯል፤ በብብታቸው የእመቤቲቱን የራስ ትራስ ይዘዋል፤ ከገዢው ጋር ሲዋዋሉ ይቺን ብቻ አስቀርተዋታል። ትራሷን ወንበሯ ላይ አስተካክለው ተቀመጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ምክንያታቸውን ተናገሩ። "ቤት ውስጥ ቆርቆሮ ይመታሉ፤ ጆሮዬን አደነቆሩት። ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ነው የመጣሁት" አሉ፣ የነፋስ መጭመቂያው ከጎናቸው እየጮኸ።

አንድ ነጭ ፒክአፕ ገባ። ሾፌሩ ወርዶ "አንድ ነገር ይጮሃል" አለና በእጁ አየሩን አማሰለ። ክቡርነታቸው ተነሱ። ሞተሩ ሲዞር አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው አዳመጡ፤ ከዚያ መካኒኩን በክንዱ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት፣ በቀኙ ዞሩና ፊት ለፊቱ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸው ትከሻው ላይ አረፈ።

"ትክ። ትክ ትክ። ትክ" አሉት። "ይሰማል?"

መካኒኩ ጊዜ ወሰደ። ምቱ ትከሻው ላይ ሲያልቅ ጠበቀ፤ አሰበበት።

"እሺ" አለ።